እትዬ ፎርዋርድ ያደረጉልኝ ላፕቶፕ

«ለ8 ሰው ከላካችሁት ስልክ፣ ለ20 ሰው ከላካችሁት ደግሞ ላፕቶፕ በ2 ሳምንት ውስጥ ይደርሳችኋል። እኔም መጀመሪያ አላመንኩም ነበር፣ ግን የስራ ባልደረባዬ ትናንት ደርሶታል።»

ይሄ ኢሜይል የመጣልኝ ከአክስቴ ነው። እትዬ ነው የምንላቸው፣ እናቴ ስራ ውላ እስክትመጣ እኔንና እህቴን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፣ ኢሜይል መላክ ያስተማርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። የተላከላቸውን ሰዎች ቆጠርኩ፣ እኔን ጨምሮ ልክ 20። አጎቶቼ አሉ፣ ጡረታ ሳይወጡ አብረዋቸው ይሰሩ የነበሩ ሰዎች አሉ፣ ለዓመታት ድምፃቸውን ያልሰማናቸው ዘመዶች አሉ፣ የሁሉም አድራሻ ለሁሉም ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ከላይ ደሞ እትዬ በራሳቸው እጅ የጨመሩት አንድ መስመር ነበር፦ «ለልጅቷ ትምህርት ይሆናታል ብዬ ነው፣ እናንተም ሞክሩት።» ልጅቷ የሚሏት የእህቴን ልጅ ነው፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ አንድ ወር ቀርቷት ነበር።

እኔ ያቺን መስመር ዘልዬ አለፍኳት። ላፕቶፕ የሚለውን ሳይ ንድድ አለኝና እዛው ሪፕላይ ኦል ብዬ «ይሄ ውሸት ነው፣ አሁንም እንዲህ አይነት ነገር የሚያምን ሰው አለ እንዴ? እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት ትንሽ አስቡ» ብዬ ላኩት። ውሸት ነው ያልኩት ልክ ነበር። ሁሉም ሰው አየው፣ ሁለት ሶስት ሰው የሳቅ ምልክት መለሰ፣ እትዬ ምንም አላሉም፣ እኔም በቃ ረሳሁት።

ነገሩ የወጣው ከስምንት ወር በኋላ ነው። እህቴ የእትዬን የባንክ ወረቀት ስታገላብጥ በየወሩ አንድ አይነት ገንዘብ ለማይታወቅ ድርጅት እየተቆረጠ እንደሆነ አየች። ለካ ሌላ ኢሜይል መጥቶላቸው ነበር፣ ስልክ አሸንፈዋል፣ የማድረሻ ብቻ ትንሽ ይክፈሉ የሚል፣ እሳቸውም የካርድ ቁጥራቸውን አስገቡ፣ ስልኩ አልመጣም፣ ገንዘቡ ግን በየወሩ መሄድ ጀመረ። እኔን ያመመኝ መታለላቸው አይደለም፣ ማንም ይታለላል። ያመመኝ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ እንደተታለሉ ያውቁ ነበር፣ እያወቁ ነው ዝም ያሉት። «ለምን አልነገሩኝም እትዬ?» ስላቸው እጃቸውን እያሻሹ «እንደዛን ጊዜ ሰው ፊት እንዳታደርጊኝ ፈርቼ ነው ልጄ» አሉኝ።

ይሄ ንግግር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ስለ ነፃ ስጦታ ኢሜይል ሲወራ ሁልጊዜ የሚወራው እንዴት እንደሚለይ ነው፣ እሱንም እጽፋለሁ ምክንያቱም የግድ ያስፈልጋል፣ ግን የላከልንን ሰው ምን ብለን እንደምንመልስለት ብዙ ሲወራ አልሰማም፣ እኔ ደሞ ጉዳቱ የሚሰፋው እዛ ጋ እንደሆነ በራሴ እጅ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ላፕቶፑ። ቆይቼ ተረጋግቼ ከኢሜይሉ አንዱን አረፍተ ነገር ገልብጬ ጎግል ላይ ከተትኩት። ለካ በጣም የቆየ ጽሑፍ ነው! እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ኤሪክሰን በሚባለው የስዊድን ስልክ ሰሪ ድርጅት ስም ዓለምን ሲዞር የነበረ ነው። ኖኪያ በነፃ እያደለ ስለሆነ ኤሪክሰንም እንዳይበለጥ እያደለ ነው ይላል፣ ለ8 ሰው ለላከ ቲ18፣ ለ20 ሰው ለላከ ደግሞ አር320 ይሰጠዋል፣ መጀመሪያ ስልክ ነበር የሚለው፣ እየዞረ ሲሄድ ግን ስልኩ ላፕቶፕ ተባለ፣ የሞዴሎቹ ስም ሳይነካ። ቲ18ም ሆነ አር320 ግን ላፕቶፕ አይደሉም፣ ሁለቱም የኤሪክሰን የሞባይል ስልክ ሞዴሎች ናቸው። ውሸቱ እዛው ጽሑፉ ላይ ተጽፎ ነው ሲዞር የኖረው፣ አንድ ሰው የሞዴሉን ስም ፈልጎ ቢያይ ያበቃለት ነበር፣ ግን ሰው የሚያየው ሞዴሉን ሳይሆን የላከለትን ሰው ስም ነው። የምታምነው ሰው ስም ካለበት ሌላውን አታጣራም። እትዬ ጋ የደረሰው የድርጅቱ ስም ብቻ ተለውጦ ነው፣ 8ቱና 20ው እንኳን አልተነኩም።

ከሱም በፊት የቢል ጌትስ የሚባለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የጀመረው፣ አንድ አሜሪካዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንደ ቀልድ የጻፈው ነው፣ በቢል ጌትስ አፍ ሆኖ «ኢሜይል የሚከታተል ፕሮግራም እየሞከርኩ ነው፣ ይሄ መልእክት 1,000 ሰው ጋ ከደረሰ ዝርዝሩ ውስጥ ላላችሁ ሁሉ 1,000 ዶላር እሰጣለሁ» ይላል። ከዛ እየተነካካ፣ እየተጨመረበት፣ ማይክሮሶፍትና ኤኦኤል የሚባለው የኢንተርኔት ድርጅት ተዋህደዋል ተባለ፣ ለምታስተላልፉለት ለእያንዳንዱ ሰው 245 ዶላር ተባለ፣ ጠበቃ ነኝ የሚል ሰው «ህጉን አውቀዋለሁ፣ እውነት ነው» ሲል ተጨመረበት፣ እንዲህ እያለ ለብዙ ዓመታት ዞረ። እስኪ ሂሳቡን አንዴ አብረን እንስራው፣ አንድ ሰው ለ20 ሰው ይላክ፣ እያንዳንዳቸው ደሞ ለሌላ 20 ሰው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥል፣ ሰው ሳይደገም። በ8ኛው ዙር ላይ 25.6 ቢሊዮን ሰው ያስፈልጋል። በምድር ላይ ያለነው ከ8 ቢሊዮን ትንሽ እንበልጣለን። የትኛው ድርጅት ነው ይሄን ሁሉ ላፕቶፕ የሚያድለው?

ዋናው ነገር ደሞ ኢሜይል ፎርዋርድ ሲደረግ የሚቆጥር ማንም የለም። ይሄን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች አያምኑኝም ስለዚህ ላብራራው። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር፣ ማለትም ኢሜይል ከሚያቀብል አንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው፣ የሚተላለፍበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ነው፣ ከዛ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል ግን መሰረቱ ያው ነው፣ አንዱ ሰርቨር ለሌላው ያቀብላል በቃ። እኔ የላኩልሽን አንቺ ደሞ ለጎረቤትሽ ስታስተላልፊው የአንቺ የራስሽ አዲስ ኢሜይል ነው የሚሆነው፣ መጀመሪያ ለጻፈው ሰው ምንም ሪፖርት አይሄድለትም። አንዳንድ ኢሜይል ውስጥ በአይን የማትታይ ነጠብጣብ ምስል ይደበቃል፣ እሷ ስትጫን ላኪው ኢሜይሉ መከፈቱን ያውቃል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ለዛም ነው የማላውቀው ሰው የላከውን ምስል በራሱ እንዳይከፈት ሴቲንጉን ያጠፋሁት። ግን ያቺ ምስል እነማን ጋ እንደደረሰ ስም ዝርዝር አውጥታ፣ ለማን ምን እንደሚገባው አስልታ አትሰጥም። ስለዚህ «ለዚህን ያህል ሰው ካስተላለፋችሁ» የሚል ቃል ያለበት ነገር፣ ሌላውን ሁሉ ሳታነቡ ውሸት ነው ብላችሁ መዝጋት ትችላላችሁ። እዚህ ላይ ምንም አላመነታም።

እነዚህ የድሮዎቹ በአብዛኛው ጊዜና የሰው አድራሻ ነበር የሚበሉት። የአሁኖቹ ሌላ ናቸው፣ የስጦታው ወሬ ያው ሆኖ ጫፉ ላይ ሊንክ ተንጠልጥሎበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲዳስ ለምስረታ በዓሉ ጫማ በነፃ እያደለ ነው የሚል መልእክት በዋትስአፕ ዞሮ ነበር፣ አንደኛው ስሪት 93ኛ ዓመቱን እያከበረ ነው ይላል፣ አዲዳስ ግን የተመሰረተው በ1949 ነው፣ ቀንሱና እዩት። እ.ኤ.አ. በ2021 ደሞ አማዞን 30ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ ለሁሉም ስጦታ ይሰጣል ተባለ፣ አማዞን በ1994 ነው የተመሰረተው፣ 30 ሊሞላው ገና ሶስት ዓመት ይቀረው ነበር። የምስረታ በዓል የሚወዱት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል፣ ድርጅት ያለ ምክንያት ስጦታ ሰጠ ቢባል ሰው ይጠረጥራል፣ በዓል ከተባለ ግን ምክንያት ያገኘ ይመስላል። አንዳንዴ ደሞ እውነተኛ ዜና ላይ ይፈናጠጣሉ። በታህሳስ 2015 እ.ኤ.አ. ማርክ ዙከርበርግና ባለቤቱ ከፌስቡክ አክሲዮናቸው 99 በመቶውን በህይወት ዘመናቸው ለበጎ ስራ እንደሚሰጡ አስታወቁ፣ ያኔ ዋጋው 45 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ወዲያው ይሄን ጽሑፍ ገልብጠው ለሚለጥፉ 1,000 ሰዎች 4.5 ቢሊዮን ዶላር ሊያከፋፍል ነው የሚል ወሬ ተነሳ። ዜናውን በጨረፍታ የሰማ ሰው «አዎ ሰምቻለሁ እኮ» ይላል፣ የሰማው ሌላ፣ ያመነው ሌላ።

እትዬን ያስከፈላቸውን ኢሜይል ከኢሜይላቸው ውስጥ ፈልጌ አገኘሁትና አንድ ቅዳሜ አብረን ቁጭ ብለን መስመር በመስመር አየነው። ማሳየት የምፈልገው እሱን ነው።

የላኪው ስም ላይ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ትልቅ ድርጅት ተጽፏል። ስሙን በጣት ነካ ሲያደርጉት ግን ከኋላው ያለው አድራሻ ወጣ፣ ከድርጅቱ ጋር ምንም የማይገናኝ የፊደልና የቁጥር ጥርቅም። እትዬ ስሙ ሊነካ እንደሚችል አያውቁም ነበር፣ እኔም አላሳየኋቸውም ነበር። ኢሜይል ላይ «ከ» የሚለው ቦታ የሚሞላው በላኪው ነው፣ ፖስታ ጀርባ ላይ የላኪ ስም እንደመጻፍ ማለት ነው፣ ያሻህን ስም ብትጽፍ እጅህን የሚይዝህ የለም። አሁን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉ፣ ኢሜይሉ ከየት እንደመጣ የሚያጣሩ ማረጋገጫዎች አሉ፣ ጂሜይል ላይ ኦሪጅናሉን አሳየኝ ስትሉት አልፏል ወይ ወድቋል ብሎ ያሳያችኋል። ግን ተጠንቀቁ፣ «አልፏል» ማለት ከዛ ዶሜይን፣ ማለትም አድራሻው ላይ ከ@ ቀጥሎ ካለው ስም ነው የመጣው ማለት ብቻ ነው፣ ሌባው የራሱን ዶሜይን ገዝቶ ከራሱ ቢልክም ያልፋል።

ከዛ ሰላምታው። «ውድ ደንበኛ» ይላል፣ የእትዬ ስም የለም። ስልክ ያሸነፈ ሰው ስሙ አይታወቅም?

ሊንኩን ሳንነካው በጣት ተጭነን ስንይዘው የሚወስደውን አድራሻ አሳየን። እዚህ ጋ በደንብ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አድራሻው መጀመሪያ ላይ የድርጅቱ ስም አለ፣ እትዬም «ይኸው ስሙ አለ» አሉ። ግን የሚቆጠረው መጀመሪያ ላይ ያለው አይደለም፣ ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) ልክ በፊት ካለው ነጥብ ኮም ወይም ከመሰሎቹ ወዲያው በስተግራ ያለው ቃል ነው ባለቤቱ። ከሱ በፊት የሚመጣውን ባለቤቱ እንደፈለገ ይሰይመዋል። አንዳንዴ ደሞ ፊደሉን ራሱ ይለውጡታል፣ ያ ያልኳችሁ የአዲዳስ መልእክት ላይ «አዲዳስ» ከሚለው የላቲን ጽሑፍ ውስጥ አይ የምትባለዋ ፊደል ነጥቧ የሌለችው ነበረች፣ ሌላ ፊደል ማለት ነው፣ ስለዚህ ሌላ ድረገጽ። ይሄን ለእትዬ ለማስረዳት ስቸገር ቆይቼ በመጨረሻ ወረቀት ላይ «ሰላም» እና «ሠላም» ብዬ ጻፍኩላቸው። ለኛ ለሁለታችንም ያው ሰላም ነው፣ ስናነበው ልዩነቱ አይሰማንም፣ ለኮምፒውተር ግን ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ» ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፣ በአንዱ የተመዘገበ አድራሻ የሌላው አይደለም። ወዲያው ገባቸው። «እንግዲያው ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ጽፈው ሌላ ሰው ቤት ይወስዱኛላ» አሉ፣ እኔ ከዛ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ከሊንኩ ጀርባ የነበረው ገጽ ያኔ ተዘግቷል፣ እትዬ ግን ያስታውሱታል፣ እኔም መሰሎቹን አይቻለሁ። አራት አጫጭር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ዕድሜ ምናምን፣ ለይምሰል ነው፣ ምን ብትመልሱ ግድ የለውም። ከዛ የተዘጉ ሳጥኖች ይመጣሉ፣ አንዱን ምረጡ ይላል፣ መጀመሪያ የነካችሁት ባዶ ይሆናል፣ «አንድ ዕድል ቀርቶዎታል» ይላል፣ ሁለተኛው ወይ ሶስተኛው ላይ ታሸንፋላችሁ። ሁሌም። ያ የመጀመሪያው ባዶ ሳጥን ነው በጣም የሚያናድደኝ፣ ታስቦበት የተቀመጠ ነው፣ አንዴ ስታጡ እውነተኛ ዕጣ ይመስላል፣ ቀጥሎ ስታገኙ ደሞ ያገኛችሁትን ላለማጣት ትቸኩላላችሁ። ከላይ ሰዓት እየቆጠረ ይወርዳል፣ 4 ደቂቃ ከ ምናምን ሰከንድ ቀርቶዎታል ይላል። ገጹን ሪፍሬሽ ብታደርጉት ከአዲስ ይጀምራል፣ ብዙዎቹ ላይ ሞክሬዋለሁ። ከታች «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» የሚሉ አስተያየቶች ከነፎቷቸው ተደርድረዋል፣ የሰዎቹን ስም ብትነኩት የትም አይወስዳችሁም፣ የተለጠፈ ምስል ነው። መጨረሻ ላይ ወይ ለ5 ግሩፕ ወይ ለ20 ጓደኛ አጋሩ ይላል፣ ያ የድሮው 20 እዚህም አለ፣ ወይ ደሞ የማድረሻ ክፈሉ ይላል። ትንሽ ስለሆነ ነው አደገኛ የሆነው። የሚፈልጉት ያቺን ትንሽ ገንዘብ ሳይሆን የካርድ ቁጥራችሁን ነው፣ እና እታች በደቃቅ ጽሑፍ በየወሩ እንድትከፍሉ ተስማምታችኋል ይላል። ሰጪው የሚያስከፍል ከሆነ ስጦታ አይደለም፣ ባልቆረጣችሁት ሎተሪም ማሸነፍ አይቻልም።

ሰዎች «ይሄን የመሰለ ግልጽ ውሸት ማን ያምናል» ሲሉ ስሰማ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ኮርማክ ኸርሊ የሚባል የማይክሮሶፍት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ከናይጄሪያ ነን እያሉ ኢሜይል የሚልኩ አጭበርባሪዎች ታሪካቸውን ለምን እንደዛ የማይታመን አድርገው እንደሚጽፉት አስረድቷል። ኢሜይሉን ለሚሊዮን ሰው መላክ ምንም አያስወጣም፣ መልስ ከሰጠው ሰው ጋር መጻጻፍ ግን ጊዜ ይበላል፣ ስለዚህ ተጠራጣሪው ገና ከመጀመሪያው ስቆ እንዲያልፍ ይፈልጋሉ፣ የሚቀርላቸው እስከመጨረሻው የሚሄደው ሰው ብቻ እንዲሆን። ስለዚህ እኛ አይተን ስንስቅ ኢሜይሉ አልተሳካም ማለት አይደለም፣ እኛን ለመጣል ተብሎ የተሰራ ወንፊት ነው፣ ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ደግሞ ብቻውን የሆነ፣ የቸገረው፣ ወይ ለልጅ ትምህርት ላፕቶፕ እያሰበ የነበረ ሰው ነው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚባለውን ተረት ልጅ ሆኜ እወደው ነበር፣ አሁን ግን ሰው ከተመነጠረ በኋላ ሲነገረው ስሰማ ይከብደኛል። ከመሆኑ በፊት ሲባል ምክር ነው፣ ከሆነ በኋላ ሲባል ዱላ ነው። እትዬ ስድስት ወር የከፈሉት ለአጭበርባሪው ብቻ አይደለም፣ ግማሹን ያስከፈላቸው የኔ ሪፕላይ ኦል ነው።

አሁን ቤተሰብ ወይ ጓደኛ እንዲህ አይነት ነገር ሲልክልኝ የማደርገው ይሄ ነው። ለሁሉም አልመልስም፣ ለላከው ሰው ብቻ፣ ከቻልኩ ደሞ ደውዬ። የሚያሳፍረው ውሸት ማመን አይደለም፣ ሰው ፊት መነገሩ ነው። መጀመሪያ የላከበትን ምክንያት አነሳለሁ፣ «ለልጅቷ አስበውላት ነው አይደል?» ብል ኖሮ እትዬ ያኔውኑ ሌላውንም ያሳዩኝ ነበር። ከዛ «ውሸት ነው» ብቻ ብዬ አልተውም፣ አንድ በአይን የሚታይ ነገር አሳያለሁ፣ የላኪውን አድራሻ ወይ የተመሰረተበትን ዓመት፣ አንድ ብቻ፣ አስር ነገር ብደረድር ትምህርት ይሆንና ያደክማል። እና የሆነ ነገር ነክተው ወይ ሞልተው እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ ድምፄን ሳልቀይር። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ጊዜ ያላችሁ ያኔ ነው።

ለ20 ሰው የሄደ ከሆነ ደሞ ማስተካከያውን ራሱ የላከው ሰው እንዲልክ እረዳዋለሁ፣ «ትናንት የላኩት እውነት እንዳልሆነ አጣርቻለሁ፣ ሊንኩን እንዳትነኩ» ብሎ። እንዲህ ሲሆን የታረመ ሰው ሳይሆን ያጣራ ሰው ይሆናል፣ ሌሎቹም ያምኑታል። አድራሻዎቹን በስውር ኮፒው ቦታ አስገቡ፣ ቢሲሲ የሚለው ማለት ነው፣ እየተላለፈ የሚሄድ ኢሜይል የእናንተን 20 ወዳጅ አድራሻ ተሸክሞ ማን ጋ እንደሚደርስ አታውቁም።

የተነካ ነገር ካለ ደሞ እንደተነካው ነገር ይለያያል። ኢሜይሉን ከፍቶ ብቻ የዘጋ ሰው ብዙ የሚያሰጋው ነገር የለም፣ ስፓም ብሎ ምልክት አድርጎ ይሰርዘው፣ መልስ አይስጥ፣ «ከዝርዝሩ አስወጡኝ» የምትለዋንም አይንካ፣ እሷን መንካት አድራሻው ሰው እንዳለበት መናገር ነው። ሊንኩን ነክቶ ምንም ያልሞላ፣ ገጹን ዘግቶ ያወረደው ፋይል ካለ ሳይከፍት ያጥፋ፣ ኖቲፊኬሽን እንልክልዎ ወይ ሲል እሺ ብሎ ከሆነም ብሮውዘሩ ሴቲንግ ገብቶ ያንሳው። ፓስወርድ ያስገባ ሰው ግን አይደር፣ አሁኑኑ፣ በዛ ሊንክ ሳይሆን አድራሻውን ራሱ ጽፎ ገብቶ ይለውጥ፣ ያው ፓስወርድ ያለበት ሌላ አካውንት ሁሉ ይለወጥ፣ ከሁሉም ስልክና ኮምፒውተር ውጣ የሚለውን ይጫን፣ ከፓስወርዱ ሌላ ቁጥር የሚጠይቀውን ሁለተኛ ማረጋገጫ ያብራ። እና ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ነገር አለች፦ ኢሜይል ሴቲንጋችሁ ውስጥ ፎርዋርዲንግና ፊልተር የሚለውን ክፈቱና እዩ። አንዴ የገባ ሰው የሚመጣላችሁን ኢሜይል ሁሉ ኮፒ ወደራሱ እንዲሄድ አድርጎ ሊወጣ ይችላል፣ ፓስወርድ ብትለውጡ እንኳን እሱ ይቀጥላል።

ካርድ ከሆነ ባንክ መደወል ነው፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር እንጂ ኢሜይሉ ላይ ባለው አይደለም፣ ካርዱን አዘግቶ አዲስ ማውጣት። «አንዴ ብቻ ነው የወሰዱት» ብላችሁ አትተዉት፣ የእትዬም የመጀመሪያው ወር አንዴ ብቻ ነበር። ስልክ ላይ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትስጡ፣ ከባንክ ነኝ ለሚልም ቢሆን። ገንዘብ ለላከ ሰው ደሞ ሌላ ሌባ በሌላ በር ይመጣል፣ «የተወሰደብዎትን እናስመልሳለን፣ ትንሽ ቅድሚያ ይክፈሉ» ይላል። አንዴ የተታለለ ሰው ስልክ ቁጥር በእጃቸው አለ፣ ደግመው ይሞክራሉ፣ ያዘነ ሰው ደሞ ተስፋ ሲያገኝ ይይዛታል። እትዬም ተደውሎላቸው ነበር። ያኔ ግን ነግረውኝ ስለነበር ቁጥሩን አብረን ዘጋነው።

የእሳቸው ካርድ ተቀይሯል፣ ከሄደው ገንዘብ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ተመልሶላቸዋል፣ የቀረው ቀርቷል። ለነዛ 20 ሰዎች በሙሉ እኔ ደግሜ ጻፍኩ፣ ያን ቀን የጻፍኩበት መንገድ ልክ እንዳልነበረና እትዬን በግል ይቅርታ እንደጠየቅኩ። ከአጎቶቼ አንዱ ለብቻዬ መልሶልኝ እሱም የሞላው ነገር እንዳለ ነገረኝ፣ በዛው ማታ ፓስወርዱን ለወጥን።

ባለፈው ማክሰኞ ስብሰባ ላይ እያለሁ የእትዬ ስክሪንሾት ገባ። አየር መንገድ ለመጀመሪያዎቹ 500 ሰዎች ሁለት ሁለት ትኬት በነፃ ይሰጣል ይላል። ከስሩ «አልነካሁትም። ስሙን ነክቼ አድራሻውን አየሁት፣ የነሱ አይመስልም። እስኪ አንቺም እዪልኝ» ብለው ጽፈዋል። ከስብሰባው ወጥቼ ደወልኩላቸው።